ሻምበል ዎ እና የእኛ ቂም

ሥራውን እየወደዱ ሰውዬውን መቀየም የሚቻልበት ደራሲ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ አንዱ ሌላውን ያሸንፈዋል፤ ወይ ቂሙ መጽሐፉን ያስጥላል፣ ወይ መጽሐፉ ቂሙን ያስረሳል። እንግሊዛዊው ኢቭሊን ዎ እኔ ቤት ከገባ ግን ዐሥር ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቂሙም ፍቅሩም ሳይሸናነፉ አብረው ይኖራሉ። መጀመሪያ ያገኘሁት ለገሃር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ነው፤ ሽፋኑ የተገነጠለ «የክብር ሰይፍ»። ስለ ጦርነት፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ አንድ ብቸኛ ሰው የሚተርክ ረጅም ልብ ወለድ ነበር። ዕንባዬን ያመጣ ገጽም ነበረው። የጸሐፊውን ማንነት ለማወቅ የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያገኘሁትም አገሬን ሦስት ጊዜ የረገጠ፣ በእርሷም ሰበብ አራት መጽሐፍ የጻፈ፣ በአራቱም ያላገጠ ሰው ነው።

በእኛ ዘንድ የዎ ስም ሲነሣ የሚነሣው ይኸው ማላገጡ ነው፤ አግባብም ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ካቶሊካዊው ወታደርና ስለ ቤተሰቡ ነው። ላጋጩና ምእመኑ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉና፤ ቦታውም ሩቅ አይደለም፣ ደብረ ሊባኖስ ነው። (የእንግሊዝን ነገር በፈረንጆቹ ዘመን፣ የእኛን ነገር በእኛው ዘመን እቈጥራለሁ፤ አንባቢ ይታገሠኝ።)

ኢቭሊን ዎ በ1903 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ አርተር ዎ የቻርልስ ዲከንስን መጻሕፍት ሲያሳትም የኖረው የ«ቻፕማን ኤንድ ሆል» ሥራ አስኪያጅ ነበር። ደግና ለስላሳ ሰው ነበር ይባላል፤ ነገር ግን ፍቅሩን ሁሉ ያፈሰሰው ለበኩሩ ለአሌክ ነበር። አሌክ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲመለስ ለቤቱ ወራሽ እንኳን ደኅና መጣህ የሚል ጽሑፍ ቤት ውስጥ ይሰቀልለት ነበር። ታናሹ ይህን እያነበበ አደገ። ታዲያ ለእኔ ምን ሊቀርልኝ ነው ብሎ መጠየቁን ቤተሰቡ እንደ ቀልድ ሲያወራው ኖሯል። እኔ ቀልድ ሆኖ አልታየኝም። ዎ በኋላ ዘመኑ ለልጆቹ ያሳየው ፊት ምን ያህሉ ከዚያ ጽሑፍ እንደተቀዳ ማንም በሚዛን አይለካውም፤ አንድ ነገር እንደተቀዳ ግን አልጠራጠርም።

ኦክስፎርድ ገብቶ በመጠጥና በጓደኛ ጊዜውን አሳለፈ፤ በ1924 ሲወጣ ውጤቱ ዝቅተኛ ነበር። ጥቂት ጊዜ አስተማረ። በ1928 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም ኢቭሊን ጋርድነር የምትባል ወጣት አገባ። ባልም ኢቭሊን፣ ሚስትም ኢቭሊን። በዓመቱ ሌላ ወንድ ወድዳ ጥላው ሄደች። ይህ ቁስል እስከ መጨረሻው አልሻረለትም፤ ታማኝ ያልሆነች ሚስትና የተታለለ ባል በልብ ወለዶቹ ውስጥ ሲመላለሱ ይኖራሉ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1930 ማርቲን ዳርሲ በሚባሉ ኢየሱሳዊ ካህን እጅ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ሃያ ሰባት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

ከዚያ የት ሄደ? አዲስ አበባ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈጸመውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ መጫን ለጋዜጣ ለመዘገብ መጣ። ክርስትናው ገና አንድ ወሩ ነው። ስለ በዓሉ የጻፈውን እዚህ አልደግመውም፤ የሳቀብን ሳቅ በራሱ መጽሐፍ ውስጥ በቂ ቦታ አለው። እኔን የያዘኝ ከበዓሉ በኋላ ያደረገው ጉዞ ነው። ቶማስ ዊተሞር ከሚባሉ አሜሪካዊ የቢዛንታይን ሊቅ ጋር (እኒህ ሰው በኋላ በኢስታንቡል የሐጊያ ሶፊያን የተሸፈኑ ሥዕሎች ያስገለጡ ናቸው) በመኪና ወደ ደብረ ሊባኖስ ወረደ። ሊቁ ያዩትን ሁሉ በአክብሮት ይሳለማሉ፤ ዎ ያዩትን ሁሉ በዐይኑ ጥግ ይመለከታል። ቅዳሴ ቆመ። የእኛን ቤተ ክርስቲያን አሠራር የሚያውቅ ሰው ያየውን መገመት አያቅተውም፤ ቅኔ ማኅሌቱ ከቅድስቱ ይለያል፣ ቅድስቱም ከመቅደሱ፤ ታቦቱ ያለበት ቦታ በመጋረጃ ይከለላል፤ ምሥጢሩ የሚፈጸመው ከውስጥ ነው። አዲሱ ካቶሊክ ይህን አይቶ የራሱን ቤተ ክርስቲያን አመሰገነ። ሮም መንበረ ታቦቱን ገልጣ፣ ካህኑን በሁሉ ፊት አቁማ፣ ምሥጢሩን ወደ ብርሃን ማውጣቷ ትልቅ ድል ሆኖ ታየው። የእኛ ጨለማ፣ የእነርሱ ብርሃን፤ በዚህ ሐሳብ እየረካ ተመለሰ። ይህችን ሐሳብ አንባቢ በልቡ ያቆይልኝ።

በዚያው ጉዞ ሐረርም ወርዷል። ፈረንሳዊውን የካቶሊክ ጳጳስ ሞንሰኞር አንድሬ ዣሮሶን ጎበኘና ስለ ባለቅኔው አርተር ራምቦ ጠየቃቸው። ጳጳሱ ራምቦን በአካል የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ያስታወሱት ግን ባለቅኔውን አይደለም፤ እግሩን የሚታመም፣ ብዙ የማይወጣ፣ ስለ ንግዱ የሚጨነቅ ቁም ነገረኛ ሰውዬ ነበር። ግጥም ለሚሞክር የባንክ ሠራተኛ ይህ ታሪክ እንዴት እንደሚያስቅና እንደሚያስፈራ አልናገርም።

ሁለተኛው አመጣጡ በ1935 ነው፤ በዚህ ጊዜ የሙሶሊኒ ወዳጅ ለነበረው ለ«ዴይሊ ሜይል» ጋዜጣ ወኪል ሆኖ። በዚያው ዓመት፣ እርሱ እዚህ ወሬ ሲለቅም፣ ለንደን ላይ አንድ መጽሐፉ ታተመ፤ በ1581 በእንግሊዝ መንግሥት ስለ ተሰቀለው ካህን ስለ ኤድመንድ ካምፒየን ሰማዕትነት የሚተርክ። መጽሐፉ በቀጣዩ ዓመት የሆውቶርንደንን ሽልማት አገኘለት። ስለ ሃይማኖቱ የተገደለን መነኩሴ ሥቃይ እንዲህ አድርጎ መጻፍ የሚችል ሰው፣ በ1936 ክረምት ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ፣ በጣሊያን ወታደር በተያዘችው አዲስ አበባ ግራዚያኒን አነጋግሮ በመልካም ጻፈለት። «ዎ በአቢሲኒያ» የተባለው መጽሐፉ የሚያበቃው የጣሊያንን የመንገድ ሥራ በማወደስ ነው። ሥልጣኔ በአስፋልት ላይ እየተሳበ ሲመጣ ያየ መስሎት ነበር።

የግል ሕይወቱም የተቃናው በዚሁ ሰሞን መሆኑ ይገርመኛል። በ1936 ክረምት ሮም የመጀመሪያ ጋብቻውን እንዳልነበረ ቈጠረችለት፤ ይህን ፍርድ ዓመታት ጠብቆታል። ኤፕሪል 17 ቀን 1937 ላውራ ኸርበርትን አገባ። ዕድሜዋ ሃያ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ካቶሊክ፣ ከመኳንንት ወገን፤ ለመጀመሪያ ሚስቱም የሥጋ ዘመድ። የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት ጣሊያን አገር፣ ፖርቶፊኖ በሚገኘው በሙሽራይቱ ቤተሰብ ቤት ነው።

ሠርጉ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የካቲት 12 ካለፈ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ከሠርጉ በኋላ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ግንቦት 12 ደረሰ፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም። ግራዚያኒ ቀኑን ያውቅ ነበር፤ ምእመኑና መነኮሳቱ የሚሰበሰቡበት ቀን ነውና። በማግስቱ መነኮሳቱ በካሚዮን ተጭነው ላጋ ወልዴ በተባለው ቦታ በመትረየስ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች እንደተገደሉ ገልጿል፤ ከቀናት በኋላም 129 ዲያቆናት ደብረ ብርሃን አጠገብ ተጨመሩ። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ከዓመታት በኋላ በቦታው ተገኝተው ያሰባሰቡት የምስክሮች ቃል ቁጥሩን ከ1,400 በላይ ያደርሰዋል። ዎ ከስድስት ዓመት ተኩል በፊት ከመጋረጃው ውጪ ቆሞ ቅዳሴያቸውን የሰማቸው፣ እንግዳ ብለው የተቀበሉት መነኮሳት ከእነዚህ መካከል ስንቶቹ ነበሩ? ካምፒየን አንድ ነበር፤ መጽሐፍ አገኘ። የደብረ ሊባኖሶቹ ከዎ ብዕር አንዲት አንቀጽ አላገኙም። በቀጣዩ ዓመት ያሳተመው «ስኩፕ» ነው፤ እኛን በስም ቀይሮ ዳግመኛ የሣቀበት። እውነቱን ለመናገር በጣም የሚያስቅ መጽሐፍ ነው፤ እያሣቀ ያናድዳል።

ከዚያ ራሱ ጦርነት ውስጥ ገባ። በ1939 መጨረሻ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ የባሕር ኃይል እግረኛ መኰንን ሆኖ ተመዘገበ፤ ዕድሜው ለጠረጴዛ ሥራ እንጂ ለውጊያ የሚሆን አልነበረም። በኋላም ወደ ኮማንዶ ተዛወረ። ደፋር ነበር፤ በዚህ ጠላቶቹም አይከራከሩም። ነገር ግን ምላሱ ለአለቃም ለጭፍራም የማይመለስ ስለ ነበረ ወታደር የሚመራበት ቦታ የሚሰጠው አዛዥ እየጠፋ ሄደ። በኤፕሪል 1941 ሊቢያ ጠረፍ ላይ ባርዲያን ለመውረር ከጀልባ የወረደ ጊዜ ጠላቱ ማን ነበር? ያቺው ያወደሳት ጣሊያን። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መኰንኖች ጋር አዲስ አበባ ሲገቡ፣ እርሱ በዚያው በሜይ ወር ወደ ክሬት ደሴት ተልኮ የሠራዊቱን መፍረስና ሽሽት በዐይኑ ለማየት በቃ። ክሬት ሰበረችው። ጦርነትን እንደ ክብር ይመለከት የነበረው ሰው፣ መኰንን ወታደሩን ጥሎ በመርከብ ሲወጣ አየ፤ ከወጡትም አንዱ እርሱ ነበር።

በ1944 ፈቃድ ወስዶ ገጠር ገባና «ብራይድስኼድ ሪቪዚትድ»ን በወራት ውስጥ ጻፈ። ከዚያ ዩጎዝላቪያ ተላከ፤ አውሮፕላኑ ወድቆ ሲቃጠል ተርፏል። በዚያም በቲቶ አርበኞች እጅ ስለ ነበሩት ካቶሊኮች ችግር መረጃ ሰብስቦ ለመንግሥቱ ዘገባ አቀረበ፤ ሰሚ አላገኘም። የመነኩሴና የካህን ደም እንዲህ ሊያስጨንቀው ይችል ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደስ አላለኝም፤ ጭራሽ ቂሜን አበሰው።

ከላውራ ሰባት ልጆች ወለደ። አንዷ ሜሪ በ1940 ተወልዳ ወዲያው ሞተች። ስድስቱ አደጉ። ስለ አባትነቱ የሚወራው ታሪክ ብዙ ነው፤ ከሁሉ የታወቀው የሙዙ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ እንግሊዝ ውስጥ ሙዝ ከጠፋ ዓመታት ሆኖት ነበር፤ መንግሥት ለየሕፃኑ አንድ አንድ እንዲደርስ አደረገ። ላውራ ሦስት ሙዝ ይዛ ቤት ገባች። ልጆቹ ቀምሰውት አያውቁም። አባትየው ሦስቱንም ሳሕኑ ላይ አስቀምጦ፣ ክሬምና ስኳር ጨምሮበት፣ ሦስቱ ልጆች እያዩት ብቻውን በላ። ታሪኩን የነገረን ትልቁ ወንድ ልጁ ኦበሮን ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ አባቱ ስለ ሃይማኖትና ስለ ምግባር የሚናገረውን ከልቡ መስማት እንዳቃተው ጽፏል። ለሌላዪቱ ልጁ ለማርጋሬት ግን ያው ሰው የጻፈላት ደብዳቤ ፍቅር የሚያንጠባጥብ ነው። አባቱ በእርሱ ላይ ያደረገውን እርሱም በልጆቹ ላይ ደገመው እንዴ፤ አንዱን ለይቶ መውደድ?

በ1958 ኦበሮን ራሱ ወታደር ሆኖ ቆጵሮስ ሳለ የነከሰ መትረየስ ከአፈሙዙ ይዞ ሲነቀንቅ ጥይቱ ደረቱን ወጋው። አንድ ሳንባውን፣ ጣፊያውንና የጎድን አጥንቱን አጣ። እናቱ በአውሮፕላን በረረች፤ አባቱ ቤቱ ቀረ። ልጁ ግን በዚያ ዘመን፣ ቢሞት ብቻ እንዲደርስ ብሎ ለአባቱ ደብዳቤ ጽፏል። ቃሉ አጭር ነው፤ በሕይወት ሳለ ሊያሳየው ያልቻለውን ፍቅር ይነግረዋል። አልሞተም፤ ደብዳቤውም ሳይሰጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ ኦበሮን አርባ ሁለት ዓመት ያህል ኖረ፤ እርሱም ምላሱ የሚፋጅ ጸሐፊ ሆኖ በ2001 ዐረፈ። የልጅ ልጁ አሌክሳንደር በ2004 «አባቶችና ልጆች» በሚል ርእስ የቤተሰቡን የወንዶች ታሪክ ጻፈ፤ እርሱም በ2024 ዐረፈ። ከአርተር ጀምሮ ሁሉም በብዕር ያደሩ ናቸው። በብዕር የሚያድር ቤተሰብ በአፉ መነጋገር ሲያቅተው ታዘብሁ።

እንዲህ ክፉ ሆነህ እንዴት ሃይማኖተኛ ትሆናለህ ብላ ወዳጁ ናንሲ ሚትፎርድ ብትጠይቀው፣ ያለ ሃይማኖቱ ሰው መባልም ባልተገባው ነበር የሚል መልስ እንደሰጣት ይነገራል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ፌዝ ያየዋል። እኔ ከተናገራቸው ሁሉ እውነተኛው ይመስለኛል።

እንግዲህ «የክብር ሰይፍ»ን የጻፈው ይህ ሰው ነው፤ ሦስት ቅጽ፣ ከ1952 እስከ 1961። ዋናው ባለታሪክ ጋይ ክራውችባክ ካቶሊክ ነው፤ ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ ጦርነቱን የጽድቅ ዘመቻ አድርጎ የገባበት፣ ክሬት ላይ ሕልሙ የፈረሰበት። አባቱ ግን አርተርንም ኢቭሊንንም አይመስልም፤ ትሑት፣ የማይፈርድ፣ የሚጸልይ ሽማግሌ ነው። ዎ ያላገኘውንም ያልሆነውንም አባት በወረቀት ላይ ወለደው። ይህ ሽማግሌ ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ የነፍስ ነገር በብዛት እንደማይመዘን፣ አንዲት ነፍስ ከዳነች የጠፋው ክብር ሁሉ ኪሳራ እንዳልሆነ ይመክረዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ሳመሳክር የምውል ሰው ነኝ። የዎንም መዝገብ ለመዝጋት ሞክሬአለሁ፤ በአንድ ወገን ልብ ወለዶቹን፣ በሌላው ወገን ላጋ ወልዴን አድርጌ። አይዘጋም። ደግሞም የሽማግሌው ደብዳቤ ለእኔ ዓይነቱ ሒሳብ የተጻፈ መልስ ቢመስልም፣ ለሟቾቹ መልስ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

በመጨረሻው ቅጽ ላይ ዩጎዝላቪያ ውስጥ አንዲት አይሁዳዊት ስደተኛ ለጋይ የምትነግረው ነገር አለ። ጦርነቱን የፈለጉት ክፉዎች ብቻ እንዳልነበሩ፣ መልካም ሰዎችም የግል ክብራቸው በሌላው ሞት የሚታደስ መስሏቸው እንደፈለጉት ትነግረዋለች። ጋይም ከእነዚያ አንዱ እኔ ነበርሁ ብሎ ይናዘዛል። ለገሃር በገዛሁት በዚያ በተገነጠለ መጽሐፍ ላይ ያለቀስሁት እዚህ ገጽ ላይ ነው። የጸሐፊውን ታሪክ ካወቅሁ በኋላ ደግሜ አነበብሁት፤ ኑዛዜው እስከ ኢትዮጵያ ይደርስ እንደሆነ በየመሥመሩ ፈለግሁ። ስማችን የለም።

የመጨረሻ ዓመታቱ ኀዘን ነበሩ። ከ1962 እስከ 1965 የተሰበሰበው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የቅዳሴውን ሥርዓት ለለውጥ ከፈተው፤ ላቲኑ በየአገሩ ቋንቋ ይተካ ጀመር፣ መንበረ ታቦቱ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ዎ በጋዜጣም በደብዳቤም ተሟገተ፤ ተሸነፈ። ልብ ያለው አንባቢ ደብረ ሊባኖስን ያስታውሳል። ምሥጢርን ወደ ብርሃን ማውጣት ድል ነው ብሎ የተመለሰው ወጣት፣ በስድሳ ዓመቱ ብርሃኑ በዛብኝ አለ። ያን ጊዜ መጋረጃችን ትዝ ብሎት ይሆን? የግእዙ ቅዳሴ ሳይገባው ልቡን የሚነካው የእኔ ዘመን ሰው፣ ቢያንስ በዚህ ኀዘኑ ላይ ሊሥቅበት አይችልም።

ኤፕሪል 10 ቀን 1966 የትንሣኤ እሑድ ነበር። ወዳጁ አባ ፊሊፕ ካራማን በላቲን ቀደሱለት፤ ሚስቱና ልጆቹም አብረውት ቆሙ። ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ኮም ፍሎሪ ተመለሰ፤ ምሳ ሳይቀርብ በድንገት ዐረፈ። ዕድሜው ስድሳ ሁለት ነበር። ላውራ ሰባት ዓመት ቆይታ በ1973 ተከተለችው።

እናቴ የሰላሌ ሰው ናት፤ ጉልበቷ እስኪደክም ድረስ ግንቦት 12ን ደብረ ሊባኖስ ሳትወርድ ቀርታ አታውቅም። አንድ ምሽት ቡና እየለቀመች ይህን ሁሉ ነገርኋት፤ ዘውዱን፣ መነኮሳቱን፣ ሙዙን፣ ክሬትን፣ ሁሉንም። ሙዙ ላይ ስትደርስ «ኧረ በስመ አብ!» አለች እንጂ ዝም ብላ ሰማችኝ። በፋሲካ ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ መሞቱን ስነግራት ግን እጇ ቆመ። በእኛ አገር በፋሲካ የሞተ ሰው የገነት በር ተከፍቶ ይጠብቀዋል ይባላል።

«ንስሐ ገብቶ ነበር?» አለችኝ።

«ለካህኑ የነገረውን ማን ያውቃል፣ እማዬ። በጻፈው ላይ ስለ እኛ ምንም የለም።»

ጥቂት ቆየችና «ክርስትና ስሙ ማን ነው?» አለች።

ሙሉ ስሙ አርተር ኢቭሊን ሴንት ጆን ዎ ነው። «ዮሐንስ» አልኋት። ስሙን ለራሷ አንድ ጊዜ ደገመችውና ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ለምን እንደፈለገችው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።